ከሃያ አምስት ሜጋ በላይ

መሐል ሜዳ፣ ካውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣
አንዲት ክፍል አለችኝ፣ ቆርቆሮዋ የሚያፏጭ ቀንና ሌሊት።
ፎቶ አነሣለሁ፤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ላስቲክ አለብሳለሁ ለመታወቂያ፤
«ኢሜይልም እንልካለን» ይላል፣ ዝናብ የበላው ማስታወቂያ።
ግድግዳዬ ላይ መስታወት አለ፣ በክር የታሰረ ማበጠሪያ፣
ደንበኛ ፊቱን አይቶ ሲረካ ነው የሥራዬ መጀመሪያ።

የጥር ጠዋት ነበር፤ ውርጩ ሣሩን ገና አልለቀቀ፤
ጋሽ አጎናፍር ገቡ፣ ባና ሠሪው፣ ጣታቸው በጠጉር የደረቀ።
ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ፣ አራት ላይ የታጠፈ፣
በልጃቸው በዓይናዲስ እጅ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ።
«አድራሻዋ ነው፤ አዲስ አበባ፣ እዚያ ትምህርት ቤቷ፣
ኮምፒውተር ላይ ይደርሳታል፤ ቅዳሜ ነው ሰዓቷ።
ስልክማ ምን ያደርግልኛል? ልጄ ጆሮዋ አይሰማም፤
በእጃችን ነው የምናወራ፤ ኩራዙ ሲጠፋ እኛም ዝም።»

አስቀመጥኳቸው። ትከሻ ዝቅ፣ አገጭ ትንሽ ወደ ላይ፤
ሃያ ዓመት የለመደ ዓይኔ ጉርድ ፎቶ ለካ፣ ከደረት በላይ።
ሦስት ደቂቃ ቀዳሁ።
አሳየኋቸው። ቅንድባቸው ብቻውን ይወጣል፣ ይወርዳል፣
አልፎ አልፎ ያውራ ጣት ጫፍ እንደ አይጥ ብቅ ይላል።
ዝም ብለው አዩኝና፣
«አንተ ልጅ» አሉ፣ «አፌን ቆርጠኸዋልኮ፤ እንደገና።»

ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ እስከ መስታወቱ ድረስ፤
ጋቢያቸውን አወለቁ፣ እጃቸው ከጨርቁ ጋር እንዳይለወስ።
ካሜራው በእግሩ ቆመ። እኔ ከኋላው። ብርዱ የማይቻል፤
እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ቀይዋ ነጥብ ትበራለች፣ ሰው ያወራል።

አንድ ጣት ግንባራቸው ላይ አለፈ፤ እናቷ ትሆን?
ሁለት መዳፍ ተጠጋጋ፣ ተራራቀ፤ ጥጃ? ጉድጓድ? በር ይሆን?
ጣቶች ዘነቡ። ከዚያ አንዲት እጅ አየር ላይ ቆመች፣ ብዙ ቆየች፣
የሆነ ሰው ትከሻ ላይ እንዳረፈች።
ምንም አልገባኝም። የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ሃያ ዓመት ኖሬ፣
ያልገባኝን ስልክ የመጀመሪያዬ ነው ዛሬ።

«ከሃያ አምስት ሜጋ በላይ ነው፣ አይሄድም» አለ ማሽኑ።
«ይከብዳል» ብዬ ተረጎምኩላቸው። ግራ ገባቸው ዘመኑ።
«እንዴት ይከብዳል፣ አንዲት ቃል እንኳ ሳይወጣኝ?
ይቀነስ ከተባለስ የቱን ልተው? እስቲ አንተ ቁረጥና አሳየኝ።»

እውነት፣ የቱን? የጥጃውን? የጉድጓዱን? ወይስ ያችን ቆማ የቀረች እጅ?
መቀስ ቋንቋ አይችልም። እኔም ያው መቀስ ነኝ እንጅ።

ከዚያ ትዝ አለኝ፦ ድምፁ።
ማን ይፈልገዋል? የባጃጅ ጡሩንባ፣ ቆርቆሮዬ፣ የጎረቤት ወፍጮ፣ ያ ሁሉ ጫጫታ።
ከማጥፋቴ በፊት ግን በማዳመጫ ሰማሁት፣ ላንድ አፍታ።
ከወፍጮው ሥር፣ እጃቸው አየር ላይ በቆመችበት ቦታ፣
«እህህ» የሚል አለ፤ ኩንታል ከመሬት እንደሚያነሣ ሰው፣ በዝግታ።
እሳቸው እንዳወጡት አያውቁም፤ እሷም አትሰማው፤
ለማን ብዬ ልላከው?
ነጠልኩት። ሃያ ስድስት የነበረው ሃያ አራት ሆነ፤
ያ «እህህ» ግን የትም አልሄደ፤ እኔ ዘንድ፣ በስማቸው ተከደነ።

ኔትወርኩ ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሲያዘግም፣
መብራት ሁለቴ ሄደ፤ ጋሽ አጎናፍር ከበርጩማው ንቅንቅ አላሉም።
«የት ደረሰ?» ይላሉ፣ እንደ አውቶቡስ፤
«ሠላሳ በመቶ» ስላቸው፣ «ጣርማ በርን አልፏል፤ ማታውን ደብረ ብርሃን ይደርስ።»

በሳምንቱ መልስ መጣ። አርባ ሰከንድ፣ ድምፅ የሌለው።
ልጅ ልኬ አስጠራኋቸው፤ መጡ፣ ጠጉር እንደያዘ እጃቸው።
ጠይም ልጅ ናት፣ ሹራቧ ሰማያዊ፤ ጣቷ ካባቷ ይፈጥናል፤
እሳቸው ለስክሪኑ በእጅ ይመልሳሉ፣ ፊታቸው እንዳለች ሁሉ፤ ሳቅ ትከሻቸውን ይንጣል።

«ምን አለች?» አልኩ፤ ልቤ አላስቻለኝ።
«ስላንተ ነው» አሉ፤ «እኔንማ መች ጠየቀችኝ!
ከወንበሬ ጀርባ፣ መስታወትህ ላይ ታይተሃል መሰል፤
‹ያ እጁን ኪሱ የከተተው ሰውዬ መናገር አይችልም?› ትላለች፤ ‹ያሳዝናል።›»